ለሞጣው ኮምፒውተር የተላኩ ሦስት ሚሞሪዎች

ቢቸና፣ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

በአላህ ስም። ለወንድሜ ለሙጀሂድ ሙሐመድጣሂር፣ ሞጣ።

አሰላሙ ዐለይኩም። አንተም፣ ሀኒያም፣ በሆዷ ያለውም እንደምን ከረማችሁ? እኔ አልሐምዱሊላህ በአካሌ ደኅና ነኝ። በስልክ ልነግርህ ሳምንት ሙሉ ሞክሬ፣ "የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አልቻልንም" ከምትለዋ ሴትዮ በቀር የሚያናግረኝ አጣሁ። ኢንተርኔቱንማ ተወው። ሰማው የሚባል ሹፌር መንገዱ በተከፈተ ቁጥር በጉንደ ወይን በኩል ሞጣ ድረስ ይመላለሳል፤ "ደብዳቤ ካለሽ አደርሳለሁ" ሲለኝ እንደ አባታችን ዘመን ወረቀትና እስክርቢቶ ይዤ ተቀመጥኩ።

ነገሩን ሳላዞር ልንገርህ። ሙሐመድሸሪፍ ፈታኝ። ጥር አሥራ አንድ ቀን ሁለት ሰው አስቀምጦ፣ ሳይጮህ፣ ሳይሳደብ ፈታኝ። ምክንያቱን ፊት ለፊት ስንገናኝ እነግርሃለሁ፤ ወረቀት ላይ ሳየው ያሳፍረኛል። ዒዳዬን፣ የፍቺ መጠበቂያ ጊዜዬን፣ እዚሁ ቤቱ ሆኜ እቆጥራለሁ፤ እሱ ወደ ወንድሙ ቤት ወጥቷል። ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ያልቃል። እስከዚያ መንገድ አልወጣም። ከዚያ በኋላ ደግሞ እዚህ ቤት አንድ ቀን የማደር መብት የለኝም።

የምመለሰው ወደ አባታችን ቤት ነው፤ አንተ ዘንድ። አይክበድህ፣ በአንተና በሀኒያ እጅ ላይ ልቀመጥ አልመጣም። የፊት ለፊቷን ክፍል ከፍቼ እንደ ድሮው ማመልከቻና ውል እየጻፍኩ እኖራለሁ። ኮምፒውተሬ ስዳር የተሰጠኝን የመህሬን አምባር ሸጬ የገዛኋት ናት፤ ከዚህ ዓለም የራሴ የምለው እሷን ብቻ ነው። ባሌን ተከትዬ ቢቸና ስመጣ "ሥራባት፣ የምታገኘውን ብላ፣ እሷን ብቻ ጠብቅልኝ" ብዬህ ሄድኩ። ስድስት ዓመት ሆነው። አሁን ትሠራለች ወይ? ይህን ብቻ ጻፍልኝ።

እህትህ ዘይዳ


ሞጣ፣ ጥር 29 ቀን 2017

ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ ለእትዬ ዘይዳ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። አላህ ልብሽን ያረጋጋው፣ ያጣሽውን በሚበልጥ ይተካልሽ። ደብዳቤሽን ሳነብ ሀኒያ "ምነው ፊትህ ጠቆረ?" አለችኝ። ነገርኳት፤ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ቤቱ የአንቺም ነው፤ ይህን ለማንም ማስረዳት የለብሽም።

ማሽኑን በተመለከተ ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ አርጅቷል። ከተከፈተ በኋላ እስኪነሳ ሰው ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል። አንድ ጽሑፍ ላይ ሌላ ከተከፈተ ይደርቃል። ባለሙያ አሳይቼ "ሚሞሪው ትንሽ ነው፣ ካልተጨመረበት አዲሱን ዊንዶውስ አይሸከምም" አለኝ። ሞጣ ላይ ደግሞ ለዚህ ዓይነት አሮጌ ማሽን የሚሆን ሚሞሪ ጠፍቷል። በዚህ ማሽን ሥራ ጀምረሽ ደንበኛ ፊት ከሚያሳፍርሽ፣ ዒዳሽ ካለቀም በኋላ እስኪስተካከል ድረስ እዚያው ቢቸና ጥቂት ብትቆዪ ይሻላል ብዬ አሰብኩ። መንገዱም እንደምታውቂው ነው። ችኮላ አያስፈልግም።

ሀኒያ ሰላም ትልሻለች።

ወንድምሽ ሙጀሂድ


ቢቸና፣ የካቲት 4 ቀን 2017

ወንድሜ ሙጀሂድ፣ አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሰላምህ ይብዛ።

ስላለቀስክልኝ አላህ ዕንባህን ይቁጠርልህ። ደብዳቤህን ሳነብ ግን ደስ አለኝ። የማሽኗ ሕመም ሚሞሪ ብቻ ከሆነ ምኑ ያስጨንቃል! እኔ ደግሞ ተቃጠለች ልትለኝ ነው ብዬ ሳምንት ሙሉ እህል አልበላልህ ብሎኝ ነበር።

መድኃኒቱ ከግድግዳዬ ማዶ ተገኘ። ጎረቤታችን ጋሽ ኃይለ ጊዮርጊስ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ከየመሥሪያ ቤቱ የተጣለ ኮምፒውተር እየገዙ፣ እየፈቱ ይጠግናሉ። ቤታቸው ውስጥ ከሰው ይልቅ የኮምፒውተር ሆድ ዕቃ ይበዛል። ሚስታቸው ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ "አንድ ቀን እኔንም ፈትቶ ይሸጠኛል" ይላሉ። በአጥሩ ላይ ሆኜ ነገርኳቸው።

"ልጄ፣ ሚሞሪ ሁሉ አንድ መሰለሽ?" አሉኝ። "ዲዲአር ሁለት አለ፣ ሦስት አለ፣ አራት አለ። ከሩቅ ሲያዩት ወንድማማች ነው። ከታች ባሉት ወርቃማ ጥርሶች መሀል ያለችው ክፍተት ግን በእያንዳንዱ ላይ ቦታዋ ይለያል። የሁለቱ በሦስቱ ማስገቢያ አይገባም፣ የሦስቱም በአራቱ። የእናንተ ስንት ቁጥር ነው?"

የገዛሁበት ወረቀት እስከ ዛሬ ሻንጣዬ ውስጥ አለ። ቁጥር ሦስት ይላል፤ ሁለት ማስገቢያ፣ በእያንዳንዱ ሁለት ጊጋ። ባለ አራት ጊጋ አንድ ቁጥር ሦስት መርጠው ሰጡኝ፤ በጨርቅ ጠቅልዬ በሰማው ልኬልሃለሁ።

መጀመሪያ ገመዱን ንቀል። ከዚያ የሳጥኑን ብረት ንካ፣ የሰውነትህ ኤሌክትሪክ እንዳይጎዳው። ከማስገቢያው ግራና ቀኝ ያሉትን ነጭ መቆለፊያዎች ወደ ውጭ ግፋ፣ አሮጌውን አውጣ፣ የአዲሱን ክፍተቷን ከክፍተቷ አስተካክለህ በሁለት አውራ ጣት ተጫን። ራሱ ቀጭ ብሎ ይቆለፋል። እንደ ልጅነትህ የአባታችንን ሬዲዮ ፈትተህ ሦስት ብሎን እንዳታተርፍ ብቻ!

ሚያዝያ እስኪደርስ ቀን መቁጠር ጀምሬያለሁ።

ዘይዳ


ሞጣ፣ የካቲት 17 ቀን 2017

እትዬ ዘይዳ፣ ሰላምና ጤና ላንቺ ይሁን።

ዕቃው በሰላም ደርሷል፣ አላህ ይስጥልኝ። እንዳልሽው አድርጌ አስገባሁት። ሲበራ ሦስት ጊዜ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ ይልና ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ይቀራል። አወጣሁት፣ መልሼ አስገባሁት፤ ያው ነው። ባለሙያውም "ይህ ማሽን አይቀበለውም፣ አትድከሙ" ብሏል።

አንቺም ባትደክሚ ይሻላል እላለሁ። ማሽን አንድ ጊዜ ካረጀ አረጀ ነው። ቢቸና ከሞጣ የተሻለ ሥራ አለ ይባላል፣ እዚያው የጽሕፈት ሥራ ብትጠይቂስ?

ሙጀሂድ


ቢቸና፣ የካቲት 21 ቀን 2017

ለወንድሜ ለሙጀሂድ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ነገ ረመዳን ሊገባ ነው፤ ለአንተም ለሀኒያም ጾሙን አላህ ያግራላችሁ። እሷስ በዚህ ሁኔታዋ አትጹም፣ በኋላ ታወጣዋለች፤ እኔ ነኝ ያልኩት በላት።

አንተ ይቅር በለኝ። ጥፋቱ የእኔና የጋሽ ኃይለ ጊዮርጊስ ነው። የጻፍክልኝን ሳነብላቸው ግንባራቸውን በመዳፋቸው መቱ። ከአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ሰርቨር ፈትተው ያወጧቸው ሁለት ወንድማማች ሚሞሪዎች ነበሯቸው፤ ለአንተ አንዱን ልከንልሃል። የቀረውን አምጥተው አሳዩኝ፦ ተራው ሚሞሪ በአንድ ጎኑ ስምንት ጥቁር ቺፕ አለው፣ ይህኛው ዘጠኝ። ዘጠነኛዋ ስሕተት የምትቆጣጠር ናት አሉኝ። ቁጥሩ ያው ሦስት ነው፣ ክፍተቷም ያው ናት፣ በደንብ ይገባል፤ የቤት ማሽን ግን አያውቀውምና ጮሆ ይጨልማል። "ወንድምሽ ልክ ነው፣ እንደዚያ ነው የሚያደርገው" አሉኝ።

ስንት ጊዜ ስታወጣና ስታስገባ ደከምክ! አሁን ስምንት ቺፕ ያለውን ልኬልሃለሁ፤ እኔ ራሴ ቆጥሬዋለሁ። ይህ እምቢ የሚልበት ምክንያት የለውም።

ሌላ ሥራ ጠይቂ ያልከኝን አሰብኩበት። እዚህ የምቀመጠው በማን ቤት፣ የማን ነኝ ብዬ ነው? ለሰው ተቀጥሬ ከምጽፍ በራሴ ማሽን ብጽፍ ይሻለኛል። እባክህ ሞክረውና ቶሎ ጻፍልኝ።

ዘይዳ


ሞጣ፣ መጋቢት 1 ቀን 2017

እትዬ፣ ሰላም ላንቺ። ረመዳን ከሪም።

ሁለተኛውም አልሆነም። ይህ ጭራሽ አልገባም አለ። ጥርሱ አይገጥምም። በኃይል እንዳልጫነው ማስገቢያውን እሰብረዋለሁ ብዬ ፈራሁ።

ሌላው፣ የክፍሏ ጣሪያ ያፈሳል። ዝናብ ከመጣ ማሽን የሚቀመጥበት አይደለም። ከክረምት በኋላ ቢሆን ሁሉም ይመቻቻል።

ሙጀሂድ


ቢቸና፣ መጋቢት 4 ቀን 2017

ሙጀሂድ፣ አሰላሙ ዐለይኩም።

አልገባም ያልከው ነገር አልገባኝም። ወረቀቴ ቁጥር ሦስት ነው የሚለው፣ የላክነውም ቁጥር ሦስት ነው። የመጀመሪያው ገብቶ ጮኸ፤ ሁለተኛው በዚያው ማስገቢያ እንዴት አይገባም? ክፍተታቸው አንድ ነው፤ ጋሽ ኃይለ ጊዮርጊስ ጎን ለጎን ይዘው አሳይተውኛል።

እሳቸው አንድ ዘዴ ነገሩኝ። ፎቶ መላክ ካልተቻለ፣ በፊት ማሽኗ ውስጥ ከነበሩት አንዱን አውጣና ወረቀት ላይ አስተኛው። ዙሪያውን በእስክርቢቶ አስምር። ክፍተቷንም አስምራት። ልጆች እጃቸውን ወረቀት ላይ አድርገው እንደሚያሰምሩት። ወረቀቱን ላክልኝ፣ እሳቸው በማስመሪያ ለክተው የሚሆነውን ይሰጡኛል። የጣሪያውን ነገር ስመጣ አብረን እናየዋለን፤ ጣሪያ የሚያፈስበት ክፍል ውስጥ የተኛሁት ያኔም ነበር።

ዘይዳ


ሞጣ፣ መጋቢት 12 ቀን 2017

እትዬ፣ እንዳዘዝሽኝ አስምሬ ልኬያለሁ። በጾም ድካም ስላሰመርኩት መስመሩ ቢጣመም ይቅርታ።

ሙጀሂድ


ቢቸና፣ መጋቢት 15 ቀን 2017

ሙጀሂድ፣ ሰላም ላንተ ይሁን።

ያሰመርከው ወረቀት ደርሶኛል። ጋሽ ኃይለ ጊዮርጊስ መነጽራቸውን አድርገው አዩት፤ ለኩትም። አሁን የሚገባውን ትክክለኛውን መርጠን ልከንልሃል። እንደ በፊቱ በጥንቃቄ አስገባው።

ይህም እምቢ ካለ አታስብ። ጋሽ ኃይለ ጊዮርጊስ ከሆሳዕና በፊት ለራሳቸው ጉዳይ ሞጣ ይመጣሉ። "ቤታቸው ጎራ ብዬ ሳጥኑን በገዛ እጄ ከፍቼ አየዋለሁ" ብለውኛል። መልስህን ከእሱ በፊት ላክልኝ።

ለዒድ አብሬያችሁ ባልሆንም ሀኒያን ሳምልኝ።

ዘይዳ


ሞጣ፣ መጋቢት 23 ቀን 2017

ለውድ እህቴ ለእትዬ ዘይዳ፣

ዒድ ሙባረክ! አላህ ጾማችንን ይቀበለን፣ ለዓመቱ በሰላም ያድርሰን።

የምሥራች! ገባ! ወላሂ፣ ቀጭ ብሎ ገባ። ማሽኑ ገና ቁልፉን ስትነኪው ይነሳል፤ ሦስት አራት ጽሑፍ ብትከፍቺ አይደክመውም። ባለሙያውም ተገረመ። ለጋሽ ኃይለ ጊዮርጊስ ምስጋናዬን አድርሺልኝ፤ እዚህ ድረስ መጥተው ከቶ እንዳይለፉ። የሚታይ ነገር የለም፣ ሁሉም ተስተካክሏል።

አንድ ነገር ብቻ ላማክርሽ። ሀኒያ ልትወልድ ስለተቃረበች እናቷ ሊያርሷት መጥተው በፊት ለፊቷ ክፍል ገብተዋል። አራስ ቤት ደግሞ ታውቂያለሽ፣ ሰው ይበዛል። ስለዚህ እስከ መስከረም ድረስ እዚያው ብትቆዪ፣ ማሽኑም በደንብ ተሸፍኖ ይጠብቅሻል።

ወንድምሽ ሙጀሂድ


ቢቸና፣ መጋቢት 27 ቀን 2017

ሙጀሂድ፣

ሰላምታ ልጽፍ ሞክሬ ሁለት ወረቀት ቀደድኩ። ይለፈኝ።

መጀመሪያ የራሴን ውሸት ልናገር። በመጨረሻው ደብዳቤ ትክክለኛውን መርጠን ልከንልሃል ያልኩህ ውሸት ነው። ያሰመርክልኝን ሥዕል ጋሽ ኃይለ ጊዮርጊስ ገና ሲያዩት መነጽራቸውን አውልቀው ወለወሉና ደግመው አዩት። የእኔ ማሽን ባለ ሳጥን ናት፤ ሚሞሪዋ ከመዳፌ ይረዝማል። አንተ ያሰመርከው ግን የዚያን ግማሽ ነው። የላፕቶፕ ነው። "ምናልባት ከሌላ ሰው ሱቅ ተውሶ ይሆናል ያሰመረው" አሉኝ፤ ከዚያ በላይ አልተናገሩም፣ ጨዋ ሰው ናቸው።

እኔ ግን ተከራከርኩልህ። ወንድሜ ኮምፒውተር አያውቅም፣ ተሳስቶ ነው አልኩ። እንድትነጻልኝ ፈልጌ "በምንም ዓይነት የማይገባ አንድ ስጡኝ" አልኳቸው። ከጣሉት ክምር ውስጥ ቁጥር ሁለት አወጡ። ቁመቱ ከቁጥር ሦስት ጋር እኩል ነው፤ ክፍተቷ ብቻ ወደ መሀል ጠጋ ትላለች። ደግሞም ተቃጥሏል። "ይህን በሦስት ቁጥር ማስገቢያ ላስገባ ያለ ሰው መዶሻ ያስፈልገዋል፤ ቢያስገባውም የሞተ ነው" አሉኝ። ለአንተ የላክሁት እሱን ነው።

ከዚያ በኋላ በየሶላቴ የለመንኩትን ታውቃለህ? "አልገባም" ብለህ እንድትጽፍልኝ። "እትዬ፣ ምን ዓይነት ቆሻሻ ነው የምትልኪልኝ?" ብለህ ብትቆጣኝ፣ በደስታ ሻንጣዬን እሸክፍ ነበር። አንተ በዒድ ማግሥት ወላሂ ብለህ ቀጭ ብሎ ገባ አልከኝ።

ማሽኗ የለችም፤ አሁን አውቄዋለሁ። ከሁሉ የሚያቃጥለኝን ልንገርህ? የመጀመሪያው ጮኸ ስትለኝ፣ ዘጠኝ ቺፕ ቆጥሬ ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ይቅርታ የጠየቅሁህ እኔ ነኝ። ለውሸትህ ምክንያት ፈልጌ ያበጀሁልህ እኔው ነኝ።

ዒዳዬ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት አይሞላም። በስንት ሸጥካት አልልህም። ለምን እንደሆነ ብቻ ንገረኝ።

ዘይዳ


ሞጣ፣ ሚያዝያ 10 ቀን 2017

እትዬ ዘይዳ፣

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ዐሥር ቀን ፈጀብኝ። ሰማው ሁለት ጊዜ መጥቶ ባዶ እጁን መልሼዋለሁ።

ማሽኑ ከተሸጠ ሁለት ዓመት አልፎታል። የሀኒያ አባት መህሯን ሲቆርጡ የአንገት ወርቅ አሉ። የለኝም ብል ልጅቷን የሚጠብቅ ሌላ ሰው ነበረ። ያለኝን ሁሉ ሰብስቤ አልሞላ ሲል፣ ሳጥኑን ጉንደ ወይን ለሚኖር ሰው ሸጥኩት። ስክሪኑ ሞቶ ስለነበር ትቶልኝ ሄደ። በልቤ ሌላ ገዝቼ እተካለሁ ብዬ ነበር። አልተካሁም።

አንቺ ግን ለሠርጉ መጥተሽ ነበር። ያን የሞተ ስክሪን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ የእናታችንን ዳንቴል አለበስኩት። ገባሽ፣ እጅሽን ዳንቴሉ ላይ አሳረፍሽና "አቧራ እንዳይገባባት" ብለሽኝ ወጣሽ። እኔ ከኋላሽ በሩን ይዤ ቆሜ ነበር። ብትገልጪው ኖሮ ያን ቀን እንገላገል ነበር። የሀኒያን አንገት አይተሽ ማሻአላህ አልሽ። ሥራ የሌለው ወንድምሽ ወርቁን ከየት አመጣው ብለሽ አልጠየቅሽም።

ተናደሽ ይሆናል፣ እኔም ግን የሚያናድደኝ አለ። ትተሽኝ ስትሄጂ ሃያ ዓመቴ ነበር። ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ፣ አልክድም። ከሄድሽ በኋላ ግን በደወልሽ ቁጥር ማሽኗ እንዴት ናት፣ ዝናብ እንዳይነካት፣ ልጆች እንዳይነኳት ነው። ሰው መጥቶ "ዘይዳ የለችም?" ይላል፤ የለችም ስለው ይሄዳል፤ እኔ እንደምጽፍ የሚያምን አልነበረም። ማሽኑ ቤት ውስጥ በነበረበት ጊዜ ሁሉ እኔ ዘበኛው ነበርኩ። ሲሸጥ አዘንኩ ብልሽ ውሸት ይሆንብኛል።

ሀኒያ ይህን አታውቅም። ብታውቅ ወርቁን አውልቃ በሰማው ትልክልሻለች፣ እንደዚያ ያለች ናት። ከዚያ አባቷ ይሰማሉ፤ እኔም ትዳሬም አበቃን። ልጄ ሊወለድ አምስት ሳምንት ቀርቶታል። እባክሽ አትንገሪያት።

አሁን አንድ ነገር ልለምንሽ ነው፤ ለመለመን ፊት እንደሌለኝም አውቃለሁ። ሽማግሌዎቹ ከመስጊድ ስወጣ "እህትህ መቼ ነው የምትገባው?" እያሉ ይጠይቁኛል። ሙጀሂድ የተፈታች እህቱን አላስገባም አለ ከተባልኩ በዚህ ከተማ ቀና ብዬ አልሄድም። በራስሽ ፈቃድ ቢቸና መቅረት እንደመረጥሽ የምትገልጽ አንዲት አጭር ወረቀት ጽፈሽ ብትልኪልኝ፣ አሳያቸዋለሁ።

አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ። ከእናታችን ልጅ ሌላ ማን አለን?

ሙጀሂድ


ቢቸና፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017

ሙጀሂድ፣

የጠየቅኸውን ወረቀት አብሬ ልኬልሃለሁ። ቃዲው በእጃቸው የጻፉትን ገልብጬ ያተምኩት ጋሽ ኃይለ ጊዮርጊስ ቤት ነው፣ ማኅተሙ የቃዲው ነው።

ዒዳዬ ያለቀው ባለፈው ሐሙስ ነው። ቁልፉን ለሙሐመድሸሪፍ ወንድም ሰጥቼ በአንድ ሻንጣ ወጣሁ። ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ በር ላይ ቆመው ነበር። "የት ልትሄጂ ነው?" አላሉኝም። ሻንጣውን ከእጄ ተቀብለው አስገቡትና "ከባለቤቴ ብረታ ብረት ጋር መጋፋት ካልከበደሽ ይቺ ክፍል ያንቺ ናት" አሉኝ። አለቀስኩ። ይህን ቃል ከአንተ አፍ ሦስት ወር ሙሉ ስጠብቅ ነበር። አንተ ሁልጊዜ ከሚመጣው ወር በኋላ እያልክ ሚሞሪ ታስቆጥረኝ ነበር።

እንድታውቀው ያህል፣ አልጋ እንኳ አልፈለግሁም ነበር። በጥር ደብዳቤዬ መልስ ላይ "ሸጬዋለሁ፣ አጥፍቻለሁ፣ ብቻ ነይ" ብትለኝ፣ አንድ ሳምንት ረግሜህ በሁለተኛው እመጣ ነበር። ማሽን ይገኛል። ዘበኛ አድርጌህ እንደነበር ያልከው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ብዙ አስቤበታለሁ፣ አልክደውም። ያኔ ብትነግረኝ እሰማህ ነበር።

የሀኒያ ወርቅ ሐላሏ ነው። የእኔ መህር የእሷ መህር ሆኗል፤ አላህ ያሳምርላት። ከእኔ አትሰማም። አንተም አትንገራት፤ ልትወልድ ደርሳለች። ይህን የማደርገው ለእሷ ነው።

ስለ ወረቀቱ ላስረዳህ። ቃዲው የፍቺ ማስረጃዬን ሲጽፉ "ልጄ፣ ነገ ለትዳር የሚጠይቅሽ ቢመጣ ማንን ይጠይቅ? የሚድርሽ ወሊይሽ ማን ነው?" አሉኝ።

"አባቴ ሞተዋል" አልኳቸው።

"ወንድምስ?"

አፌን ከፈትኩ። ስምህን ልጠራ ነበር። ልጅ ሆነህ በጀርባዬ አዝዬህ ገበያ የሄድኩት ሁሉ ፊቴ መጣ። ከዚያ ለሽማግሌዎቹ የምታሳየውን ወረቀት እንደለመንከኝ፣ የምተኛበትን ቦታ ግን እንዳልጠየቅኸኝ ትዝ አለኝ።

"የለኝም" አልኳቸው።

"አንድም?"

"አንድም።"

ዋሽቼ እንደሆነ አላህ ይፍረድብኝ። ቃዲው ቀና ብለው አዩኝና ጻፉት፤ ሁለት ምስክር ፈረመበት። ወንድም የላትም፣ ወሊይዋ ቃዲው ነው ይላል። ለሽማግሌዎቹ አንብብላቸው።

ዘይዳ ሙሐመድጣሂር